ብሩ የለቀቀበት

ጋሼ ትራምፔት መንፋት አይችልም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቤቱ የገባ እንግዳ ሁሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን አይቶ «እስቲ አንዴ ንፋልን» እያለ ስለሚያሳፍረው ነው። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜን ነው፤ መነጽር ሠሪ ነው። ቀን የሰው ዓይን ይለካል፤ ከሥራ ሲወጣ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አሮጌ ትራምፔት ሲያድን ያመሻል። ሰው መቼም ሚስት ይፈልጋል፣ መኪና ይፈልጋል፤ የኔ ወንድም የተጨራመተ ናስ ይፈልጋል።

ሻጮቹ አብዛኛውን ጊዜ ምን እንደሚሸጡ አያውቁም። «የድሮ ጡሩምባ፣ ለጌጥ የሚሆን» ብለው አንድ ደብዛዛ ፎቶ ይለጥፋሉ። እሱ ያንን ፎቶ ያሰፋና አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ያፈጥበታል። ቱቦው የት ጋ እንደታጠፈ፣ የምራቅ ማፍሰሻዋ ምን ቅርጽ እንዳላት፣ ለጣት ማስገቢያ ቀለበት ይኑረው አይኑረው አይቶ ዕድሜውን ይናገራል። የሠሪው ማህተም ተፍቆ ቢጠፋ እንኳ ከአፉ አከፋፈት ያውቀዋል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የማን እጅ እንደሰፋው ኮቱን ገልብጬ ስለማውቅ በዚህ በዚህ አልስቅበትም። በሌላው ግን እስቅበታለሁ። «ጋሼ፣ አንተ እኮ ጥርስ ሳይኖርህ አጥንት የምትሰበስብ ነህ» ስለው «ሰፊ ሁሉ የሰፋችውን ትለብሳለች?» ብሎ አፌን ያዘጋኛል።

የሚፈልገው ግን አንዱን ብቻ ነው፤ የአባታችንን።

አባታችን ባንድ ውስጥ ትራምፔት ነፊ ነበር። የሞተው እኔ ገና ጡት ሳልጥል ነው። እማማ ያ ትራምፔት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዝም ሲላት ማየት አልቻለችም፤ ለቅሶ ሊደርስ ለመጣ ለአንድ የባንዱ ሰው ሰጠችው። ሰውየውም አገር ለቆ ሄደ፣ ወሬውም ጠፋ። ጋሼ ያኔ ልጅ ቢሆንም ያስታውሳል። የአባቴን ሳቅ ያስታውሳል፤ ትከሻው ላይ ተቀምጦ የበሩን መቃን በግንባሩ መምታቱን፣ ከመንፋቱ በፊት ከንፈሩን እንዴት እንደሚያረጥብ ያስታውሳል። እኔ ምንም የለኝም። አንድ የግድግዳ ፎቶ አለን፤ እሱም ከደረቱ በላይ ነው። ሰዎች ስለ አባታቸው ማውራት ሲጀምሩ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት እጀምራለሁ። እውነቱን ልናገርና በጋሼ የምስቀው ስለምቀናበት ነው። እሱ የጠፋበትን ነገር ያውቀዋል፤ እኔ ግን የጠፋብኝን እንኳ አላውቀውም።

ጋሼ የያዘው ምልክት አንድ ነው። ትራምፔት በጣት የሚጫኗቸው ሦስት ፒስተኖች አሉት፤ በየአናታቸው ላይ ጣት የምታርፍባት ነጭ ክብ ነገር አለች። የአባታችን ላይ የመሃለኛዋ ጠፍታ፣ እማማ ከገዛ ኮቷ ላይ ቡናማ ቁልፍ ቆርጣ አስለጥፋለት ነበር። ስለዚህ ጋሼ ዓለም ላይ ያለ የትራምፔት ፎቶ ሁሉ ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው መሃሉን ነው። እማማ አብራው ነው የምትኖረው፤ ግን ትራምፔቶቹ ወደተሰቀሉበት ወደ መኝታ ክፍሉ ዝር አትልም። «የሞተ ሰው በፖስታ አይመጣም» ትለዋለች።

አንድ ቀን ሱቄ ድረስ እየሮጠ መጣ። ስልኩን ከምሰፋው ጨርቅ ላይ አስቀመጠልኝ። ፎቶው ላይ ጥላሸት የመሰለ ትራምፔት ሳጥን ውስጥ ተጋድሟል። ሠሪው ልክ ነው፣ ዘመኑ ልክ ነው፣ ቀለበት የለውም። መሃሉ ላይ አንድ ጠቆር ያለ ነጥብ አለ።

«ጥላ ይሆናላ» አልኩት።

«ሻጯ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ያጎቷ ዕቃ ነው። አጎቷ ከበሮ መቺ ነበር። ከበሮ መቺ! አንድም ቀን ነፍቶት አያውቅም፣ ማንንም አያስነካም ነበር አለችኝ።»

ቀልዴን ዋጥኩት። ሴትዮዋን የመሃሏን ቁልፍ ቀረብ አድርጋ ፎቶ እንድትልክለት ጠየቃት። የላከችው ከፊተኛው የባሰ ደብዛዛ ነበር። ደግሞ ጠየቃት። «ስለ መሃለኛዋ ቁልፍ በደንብ ንገሪኝ» እያለ ሴትዮዋን መውጫ መግቢያ አሳጣት። በመጨረሻ «አታስብ፣ ዕቃውን ልኬልሃለሁ» አለችው።

እሽጉ የደረሰ ዕለት ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። እማማ ሳሎን ተቀምጣ አተር ትለቅማለች፤ ቀና ብላም አላየችን። ክፍሉ ገባንና ጋሼ ካርቶኑን ቀደደ፣ ወረቀቱን ገለጠ፣ ከዚያ ክው ብሎ ቀረ።

ትራምፔቱ እንደ መስታወት ያበራል። መሃሉ ላይ አዲስ፣ ነጭ፣ ሌሎቹን የመሰለች ክብ ነገር ተቀምጣለች።

ለሻጯ ደወለላት፣ የስልኩንም ድምፅ ከፍ አደረገው።

«ደረሰልህ ወንድሜ?» አለች ሴትዮዋ፤ ደስታዋ ክፍሉን ሞላው። «ስለዚያች ቁልፍ ደጋግመህ ስትጠይቀኝ እንዳሳፈረችህ ገባኝ። አውልቄ ጣልኩልህና አዲስ አስገጠምኩ! ጥቁረቱንም እጄ እስኪዝል ፈተግኩት፤ አሁን ሠርግ ቤት ቢገባ አያሳፍርም።»

«ቁልፏን የት ጣልሻት?»

«ኧረ የማትረባ የኮት ቁልፍ ናት! ቆሻሻ መኪናው ወሰዳት።»

ቅንድብ አበጃለሁ ብላ ዓይን አጠፋች የሚባለው ይህ ነው። አፌ ላይ የመጣውን ስድብ ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ። ጋሼ ግን አመሰገናት። ደክመሽልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ዘጋው። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«የኮት ቁልፍ ናት አለች» አልኩት።

«ስንት ሰው ነው የኮት ቁልፍ የሚለጥፍ። አሁን ይሁን አይሁን መቼም አላውቅም» አለ። «በገዛ አፌ አጠፋሁት።»

ወንድሜ ሲያለቅስ ማየት ስለማልችል ትራምፔቱን በጨርቅ ልጠቀልለው አነሳሁት። ከመስኮቱ የገባው ብርሃን ሲያርፍበት ነው ያየሁት። ሁሉም ቦታ ነጭ ነው፤ ሦስቱ ፒስተኖች የተቀመጡባቸው ቱቦዎች ላይ ግን ቢጫ ነገር አለ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

ቀና ሳይል መለሰልኝ። «ላዩ ብር፣ ውስጡ ናስ ነው። ዕድሜ ልኩን የያዘው እጅ ብሩን በላብ ይበላዋል። ሲጠቁር አይለይም ነበር። አሁን ስትፈትገው ወጣ። የሄደ ብር በመወልወል አይመለስም።»

የሰው እጅ ነበር። የግራ እጅ። በዚህ በኩል አውራ ጣቱ ያረፈበት፣ እዚህ መዳፉ የተጫነበት፣ በዚያ በኩል የጣቶቹ ፈለግ። ስንት ዓመት፣ ስንት ትንፋሽ ቢሆን ነው ለስላሳ የሰው ቆዳ ብረት የሚበላው? ፈራሁ። እንደዚያ ያለ ፍርሃት ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ይዞኝ አያውቅም። ሦስቱ ጣቶች ቀጥ ብለው ተኝተዋል። አራተኛው፣ ትንሹ፣ ግማሽ መንገድ ሄዶ ወደ ቀለበት ጣቱ ይጎብጣል።

አሁን ስለ ጣቴ መናገር አለብኝ። የግራ እጄ ትንሿ ጣት ከተወለድኩ ጀምሮ ጠማማ ናት፤ በጎረቤቷ ላይ ትደገፋለች። የገበያ ጓንት አይገባልኝም፤ ራሴ ነኝ የምሰፋው። ከዘመዶቻችን ማንም እንዲህ ያለ ጣት የለውም። ልጅ ሆኜ እማማን ይህቺን ጣት ከየት አመጣኋት ስላት «ሲሠራሽ ቸኩሎ ነው» ትልና ፊቷን ታዞራለች።

እጄን ትራምፔቱ ላይ አስቀመጥኩት። አውራ ጣቴ ቦታዋን አገኘች። ሦስቱ ጣቶች ተኙ። ትንሿ፣ በሕይወቴ የትም ልክ ሆና የማታውቀው፣ ቢጫው ላይ ገብታ አረፈች። ከሥሯ አንዲት ክር የምታህል እንኳ ቢጫ አልተረፈም።

ጋሼ ከአልጋው ተነሳ። ከኪሱ ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ ጎንበስ አለና እጄን አየ፣ አዙሮ አየ፣ ከዚያ መነጽሩ ከእጁ ወደቀ።

«እኔ እኮ ፊቱን ነበር የማየው» አለ። «ሁልጊዜ ፊቱን።»

የራሱን እጅ ሞከረ። ትንሿ ጣቱ ቀጥ ብላ ብሩ ላይ ወጣች። አልገባችም። መልሶ ሰጠኝ፤ እየሳቀም እያለቀሰም ነበር። ለካ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ በመነጽር የሚፈልገው ምልክት ጎኑ ተቀምጦ ሲቀልድበት ኖሯል። እኔም አባቴን የማላውቅ መስሎኝ በየቀኑ በእሱ ጣት ጨርቅ ስይዝ ኖሬአለሁ። ናሱ እጄ ውስጥ እየሞቀ መጣ። ሙቀቱ የኔ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሰው እጄን የያዘኝ መሰለኝ።

በሩ ላይ ኮሽታ ሰማን። እማማ ቆማለች፤ የአተሩን ሳህን እንደያዘች። ያንን ደፍ ስታልፍ አይተናት አናውቅም። ትራምፔቱን አላየችም፣ ጋሼንም አላየችም። እጄን ብቻ ነበር የምታየው፤ ልጅነቴን በሙሉ ፊቷን ያዞረችበትን እጅ። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ መጣች፣ በሻካራ ጣቷ ጠማማዋን ጣቴን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰቻት።

«ላላ አድርገሽ ያዢው» አለችኝ። «እሱም እንዲህ አጥብቆ እየያዘ ነው ብሩን የጨረሰው።»

እኔ ግን አላላሁትም።