መፈክር አሰሚዋ

ገረመው አዝመራን ከአዳራሹ በር ላይ ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ሳባት።

«ዛሬ ድምፅሽ ያስፈልገኛል። ከረሜላ ልግዛልሽ?»

«ለራስህ ያዘው፤ ብዙ የምታወራው አንተ ነህ።»

ሣቀ። የቀበሌው ምክትል ሊቀ መንበር ነው። ፓርቲው ከተመሠረተ ወዲህ ካኪው ከካውያ፣ ደረቱም ከዓርማ ተለይቶ አያውቅም። የዛሬውን ጉባኤ የጠራው በሊቀ መንበሯ በትብለጽ ላይ እምነት የለንም ለማሰኘት ነው።

«ሂሴን ስጨርስ ተነሺና ‹አድሏዊ አመራር ይወገድ!› በይ» አላት። «ሕዝቡ እጁን ያነሣል። ከበላያችን ከከፍተኛው የመጣው ተወካይ የተነሣ እጅ ካየ ይበቃዋል።»

«ለመፈክር የተነሣ እጅ ድምፅ ተብሎ ሊቆጠር?»

«እጅ እጅ ነው። የሴቶች ማኅበሩን ወንበር ላንቺ አስቤዋለሁ። እሷ ብቻ ትውረድ፤ በረሃ ገባ ስለሚባለው ወንድሟ ያኔ እንጠይቃታለን።»

አዝመራ ክንዷን ከእጁ አስለቀቀች። ሰው እንዲህ ተጠይቆ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃለች። ትብለጽን እስካሁን ከዚያ ያዳናት ወንበሯ ነበር።

በዚህ ቀበሌ መፈክር የምታሰማው አዝመራ ናት። እሷ «ይውደም!» ካለች ሕዝቡ «ይውደም!» ይላል፤ ግራ እጁ ከአፉ ቀድሞ ይነሣል። ማን እንደሚወድም የሚሰማ ጥቂት ነው። አንዱ ጥዶት የመጣውን ወጥ ያስባል፣ ሌላው የስኳር ሰልፉን።

ገብታ ተቀመጠች። አዳራሹ ድሮ አገር ጥሎ የሄደ የአንድ ሀብታም ጋራዥ ነበር፤ ፊደል የለየችው እዚሁ፣ ዘይት ባጠቆረው ግድግዳ ሥር ነው። ያኔ ፊት ለፊት ባለው ቪላ ሠራተኛ ነበረች። ትብለጽ በሩን አንኳኩታ እመቤቷን፣ «ልጅቷ ከሰዓት ትምህርት አላት፤ ሳህኑን እርስዎ ይጠቡት» ያለቻት ዕለት! የእመቤቷ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ከትምህርት በኋላ ወደ ላምበረት በሚወስደው ሜዳ ላይ ችግኝ ይተክሉ ነበር። የኪነት ቡድኑ አኮርዲዮን ይጫወታል፣ ሴቶቹ ጭቃ በጭቃ ሆነው እስክስታ ይወርዳሉ፣ ትብለጽ ጫማዋን አውልቃ አካፋ ትይዛለች። ጓድ መባባል ያኔ ደስ ይል ነበር፤ አሁን ጓድ ሲሏት ምን አጠፋሁ ትላለች። እንደዚያ ያለ ከሰዓት ዳግመኛ አልመጣም።

ጉባኤው ተከፍቶ ትብለጽ ግለ ሂስ እንድታደርግ ተጠየቀች። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«ጥፋቴ ለአራስ ስኳር ጨምሬ መስጠቴ ነው። ነገም አራስ ብትመጣ እሰጣለሁ።»

«ይህ ግለ ሂስ ነው ፉከራ?» አለ ተወካዩ።

«እንደ ሰሙኝ ይውሰዱት» ብላ ተቀመጠች።

ገረመው ቀጠለ። አድሎ አለ፣ ዘመድ አለ፣ «የሰሜን ነፋስ» አለ። መሀል ላይ ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን በጣራው ላይ አለፈ፤ እንደ ልማዱ ሁሉም ዝም ብሎ ጠበቀ። ገረመው ጣቱን ወደ ሰማይ እንደ ቀሰረ ቀረ።

«ጣትህን አውርዳት፣ ክንድህ ይዝላል!» አለች ከኋላ ዘርፌ፣ ጠላ ሻጯ። አዳራሹ በሣቅ ሞላ።

ገረመው ሣቁ እስኪበርድ ጠብቆ ጨረሰና ወደ አዝመራ አየ። ተነሣች። በየጋቢው ሥር ግራ እጆች ተላወሱ። አፏን ሳትከፍት በፊት አባባ ዓምደሚካኤል ከፊተኛው ወንበር ጡጫቸውን ወደ ላይ ወርውረው፣

«ይውደም!» አሉ።

«ማን ይውደም፣ አባባ?» አለች ትብለጽ።

«እኔ ምን አውቄ! ልጅቷ ስትነሣ ነዋ የምንለው።»

ጥቂቶች ሣቁ። አዝመራ ግን ፊቷ ጋለ። በድምፄ ሰው አስተባብራለሁ ብላ ስትኮራ ኖራለች፤ ለካ ያስተማረቻቸው ሳይሰሙ እጅ ማንሣት ነው። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ዋጠችው።

«መፈክር የለም» አለች፤ ያለ ጩኸት ስትናገር ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ግራ እጃችሁን አሳርፉት። እትዬ ትብለጽ ይውረዱ የምትሉ፣ አስባችሁ፣ ቀኝ እጃችሁን አንሡ። ተወካዩም እሱን ይቁጠሩ።»

«ሥርዓት ያዢ!» አለ ገረመው።

«ድምፅ መስጠት ሥርዓት አይደለም እንዴ?» አለች ዘርፌ። «ልጅቷ ደህና ተናገረች።»

ተወካዩ እስክሪብቶውን አነሣ። «ይሁን። ቀኝ እጅ።»

የገረመው ቀኝ እጅ ወጣ። ከጎኑ ያሉት ሁለት ጓደኞቹ ተከተሉት። ሌላው ሰው መዳፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጎረቤቱን ያያል፤ ማንም ለመጀመር አልቸኮለም፣ ማንም ደግሞ እምቢ ማለቱ እንዲታወቅበት አልፈለገም። በትብለጽ ግራና ቀኝ ያሉት ወንበሮች ባዶ ነበሩ። ጠዋት ከእሷ ጋር የገቡት ሴቶች ሳይቀሩ ራቅ ብለው ነበር የተቀመጡት።

አዝመራ መድረኩ አጠገብ ያለውን የመፈክር አሰሚ ቦታዋን ትታ በመካከላቸው አለፈች። የሁሉም ዓይን ተከተላት። የገረመው ከሁሉም በላይ።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ፣ ጓለይ፣ ልጄ?» አለች ትብለጽ በሹክሹክታ። «ሂጂ፣ አንቺን ደግሞ እንዳይዙብኝ።»

«ጠጋ ይበሉልኝ፣ እትዬ» አለች አዝመራ፤ እጆቿንም ጉያዋ ከትታ ተቀመጠች።