አልቶዋ የማትወርድበት ቦታ

መነፅር ሠሪው ከሰው ሁሉ አስተያየት ሰጪን ይጠላል። ደንበኛ እንኳ ይሻላል። ደንበኛ መነፅሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ «ብዥ ይላል» ካለ እውነትም ብዥ ይላል፤ መስተዋቱን መልሶ መሞረድ ነው። መዝሙር ሰሚ ግን ምኑ ብዥ እንዳለበት ሳያውቅ ጥፋተኛውን በጣቱ ይጠቁማል፤ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጠቁመው ጥፋት ወደሌለበት ሰው ነው።

በሥራ ቀን ከአንድ ባንክ ጎን በተሸጎጠች ጠባብ ሱቁ መስተዋት ሲሞርድ ይውላል። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ጠዋት ደግሞ የጸሎት ቤቱን መዘምራን ይመራል። አሥራ አራት ናቸው። ድሮ ሁሉም አንዱን ዜማ በኪቦርድ ታጅበው እኩል ይጮኹት ነበር። እሱ መጣና ኪቦርዱን ጨርቅ አልብሶ ጥግ አስቀመጠው፤ ሰዎቹን ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ በአራት ድምፅ ከፋፈላቸው፤ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነር፣ ባስ። ይህን ለማድረግ ሁለት ዓመት ፈጀበት። በሁለቱ ዓመታት የፀጉሩ ግማሽ ሸበተ፤ በቀረው ግማሽ ላይ አስተያየት ሰጪዎቹ እየሠሩበት ነው።

የጸሎት ቤቱ ደንብ ጉድ ነው። በሩ አጠገብ የእንጨት ሳጥን ተሰቅሏል። ሰው የተሰማውን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይከትበታል፤ ስም አይጻፍም። ቅዳሜ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ወረቀቱ አንድም ሳይቀር መዘምራኑ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው ተረት እዚያ ቤት አይሠራም፤ ስለራስህ የተባለውን ቁጭ ብለህ ትሰማለህ። የምታነበው አንዲት ፋርማሲስት ናት። ሳምንቱን ሙሉ የሐኪም ጽሑፍ ስትፈታ ስለምትውል የሚያቅታት የእጅ ጽሑፍ የለም፤ ስታነብም ድምፅዋ መድኃኒት በቀን ስንቴ እንደሚዋጥ የምታስረዳ ነው የሚመስለው።

«‹ዝማሬው ተንቀራፈፈ፤ ልጄ አንቀላፋ›» አነበበች ያን ቅዳሜ። «የሚቀጥለው። ‹ዝማሬው ፈጠነብኝ፤ ቃሉን ማሰላሰል አልቻልኩም።› የሚቀጥለው። ‹ኪቦርዱ ተሰርቆ ነው?› የሚቀጥለው። ‹ባሶቹ ጥሩ ናቸው፤ ግን ማን ላይ ነው የሚቆጡት?›»

መዘምራኑ ሳቁ። መነፅር ሠሪው አልሳቀም። ፋርማሲስቷ የሚቀጥለውን ወረቀት ከፍታ አንዴ ቀና አለችና መልሳ አቀረቀረች።

«‹ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለችው ረጅም ሴትዮ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ትሳሳታለች። ሁሉም ሲወርድ እሷ አትወርድም። እባካችሁ አንድ ሰው ይንገራት።›»

እንዲህ ያለ ወረቀት በዚያ ወር ስድስተኛው ነበር። ረጅሟ ሴትዮ ደግሞ የመነፅር ሠሪው ታላቅ እህት ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መዝሙሩ የድሮ ነው፤ ዜማውን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። በአራት ድምፅ የጻፈው ግን እሱ ነው። ሦስተኛው አንቀጽ መጨረሻ ላይ «ሁሉ ቢሄድ፣ እዚሁ አለሁ» ይላል። እዚያ ላይ ሦስቱ ድምፆች ወደ ታች ሲወርዱ አልቶ ባለችበት ትቆያለች። ለአራት ምት ያህል የሷ ድምፅ ከሌሎቹ ጋር ይፋተጋል፤ ጥርስ ያሳክካል። ከዚያ አልቶም ቀስ ብላ ትወርዳለች፤ ያኔ እፎይ ይባላል። ያ እፎይታ የሚመጣው አራቱን ምት ስለተቸገርን ነው፤ መነፅር ሠሪው ይህን የሚገባው ሰው አንድ እንኳ ቢያገኝ አቅፎ ይስመው ነበር።

አልቶዎቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱ፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቷና የባንኳ ገንዘብ ተቀባይ፣ እዚያ ቦታ ሲደርሱ ሳይታወቃቸው ከሶፕራኖ ጋር አብረው ይወርዳሉ። አልሸሹም ዞር አሉ ነው። ሁለቴ ሦስቴ አርሟቸዋል፤ ኋላ ግን «እትዬ ካለች ምን ቸገረኝ» ብሎ ተዋቸው። ስለዚህ ያን ድምፅ ይዛ የምትቀረው እህቱ ብቻዋን ነበረች። ሰው ታዲያ ብቻውን የቆመ ሲያይ ተሳስቷል ይላል።

እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። እናታቸው ካለፈች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ የመጀመሪያውን ዜማም ከስፌት መኪናዋ ሥር ተቀምጦ የሰማው ከሷ ነው። ባሏ ከሁለት ዓመት በፊት በድንገት ሲሞትባት ዘፈኑንም መዝሙሩንም እርግፍ አድርጋ ተወች። ብዙ ለምኗት ነው ገና ከስምንት ወር በፊት የተመለሰችው። ዳግመኛ አፏን ከዘጋች የሚያስከፍታት ሰው እንደሌለ ያውቃል፤ በየሳምንቱ ሳጥኑ ሲከፈት ፊቷን ሰርቆ የሚያየውም ለዚህ ነው። እሷ ግን ወረቀቱ ሲነበብ የተቀደደ ኪሷን በጣቷ ትነካካለች። ይህ ደግሞ ከወረቀቱ ይብስበታል።

ከልምምድ በኋላ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጠሩት። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ናቸው፤ ሰው ሲያናግሩ ዛሬም ከስድስተኛ ክፍል የተባረረ ተማሪ ፊት የቆሙ ነው የሚመስሉት።

«ስማ፣ እህትህን ለጊዜው አሳርፋት።»

«ጋሼ፣ አልተሳሳተችም እኮ። እኔ ነኝ እንደዚያ የጻፍኩት!»

«እንግዲያው አንተ ነህ የተሳሳትከው።»

«ማንም አልተሳሳተም! ሆን ተብሎ ነው!»

«ሆን ተብሎ?» መነፅራቸውን አወለቁ፤ የሠራላቸውም እሱ ነው። «ሰው እንዲጨነቅ ሆን ብለህ?»

«ኋላ እንዲያርፍ ነዋ!»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን አታሳርፈውም?»

ደሙ ፈላ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ «እሑድ ለሕዝቡ በአፌ አስረዳለሁ» አለ።

አስረዳም። መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት መድረኩ ጫፍ ላይ ቆሞ ስለ ድምፆች መፋተግ ሩብ ሰዓት ያህል ተናገረ። ሰዉ በትዕግሥት ሰማው፤ አንዳንዱም ሰዓቱን አየ። እንዳልገባቸው ሲያይ ባሰበት። ዞር ብሎ «እትዬ፣ እስቲ አንቺ ብቻሽን ያዥላቸው» አላት። ፊቷ ቀላ። ያዘችው። ሶፕራኖዎቹን አስወረዳቸው። «አያችሁ? ይህች እህቴ ናት፤ አልተሳሳተችም!» አለ። ከሦስት መቶ ሰው አንድም ያላያት አልነበረም።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። እስከዚያ ቀን ያን ቦታ ያስተዋሉት ስድስት ወረቀት ጻፊዎች ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ይጠብቀው ጀመር። በሚቀጥለው እሑድ ሦስተኛው አንቀጽ ሲደርስ ሰው በክርን ይጎሻሸማል። ፊተኛው ወንበር ላይ ያሉ አንድ አዛውንት ጣታቸውን ቀስረው «አሁን፣ አሁን» ይላሉ። አንድ ሕፃን ደግሞ «እማዬ፣ ያቺ ናት?» ብሎ ጠየቀ፤ መላው ጸሎት ቤት ሰማው።

ቅዳሜ ፋርማሲስቷ ሳጥኑን ከፈተች። «‹ማብራሪያውን ሰምተናል። ስህተቱ ሆን ተብሎ የሚሠራ ከሆነ፣ ሆን ተብሎ ይቅር።›»

እህቱ በዚያ ልምምድ ላይ አልነበረችም። በስምንት ወር ውስጥ ቀርታ አታውቅም።

ሰኞ ሱቁን ዘግቶ ሄደ። በሰማያዊ ጨርቅ ክምር ተቀብራ፣ በከንፈሯ ሦስት ስፒል ይዛ አገኛት።

«ቅዳሜ ቀረሽ» አላት።

«ሥራ በዛብኝ» አለች በስፒሎቹ መሃል።

«እትዬ፣ ተቀይመሽ ነው?»

«ሥራ በዛብኝ አልኩህ እኮ። ያን መቀስ አቀብለኝ።»

አቀበላት። መኪናዋ ማጓራት ጀመረ። እሱ ታዲያ የሰማው የፈራውን ነበር፤ ሥራ በዛብኝ ማለት ልትተው ነው ማለት ነው ብሎ ደመደመ። እቤቱ ገብቶ አሥራ አራቱን የዜማ ወረቀት ዘረጋ፤ በየአንዳንዱ ላይ የአልቶን ድምፅ በላጲስ አጠፋና እንደ ሌሎቹ ወደ ታች አወረደው። ፍትጊያው ጠፋ፤ ውሃ የመሰለ ለስላሳ ሆነ። ሲጨርስ ጠረጴዛው የላጲስ ፍርፋሪ ሆኖ ነበር፤ እሱም የገዛ ጥርሱን የነቀለ ይመስል ጉንጩን ይዞ ተቀመጠ። ግን እህቱ ትበልጣለች። ይህን ለመተው ያህልስ ሰው ነው።

ቅዳሜ እህቱ መጣች። ወረቀቷን አየች። ላጲስ ያለፈበትን ቦታ በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ያን ቀን የተዘመረው ሁሉ ያለ እንከን አለፈ፤ እሷ ግን አፏን ታንቀሳቅሳለች እንጂ ድምፅ ማውጣቷን መነፅር ሠሪው እርግጠኛ አልነበረም።

እሑድ ሆነ። ሦስተኛው አንቀጽ መጣ። «ሁሉ ቢሄድ» ብለው አሥራ ሦስቱ በእርጋታ ወረዱ።

እህቱ አልወረደችም።

አልቶዋ እንደ ድሮው ባለችበት ቆመች፤ እንደውም ከድሮው ጎላ ብላ። ሶፕራኖዎቹ ተርበተበቱ። ሰብሳቢው አንገታቸውን አሰገጉ። አራት ምት አለፈ፤ አምስት፣ ስድስት። መነፅር ሠሪው እጁ አየር ላይ ቀረ፤ ያለሷ ማንም ወደየትም መሄድ አይችልም። ዓይኑን እያየች ያዘችው፤ ስትጨርስ፣ በራሷ ጊዜ፣ ወረደች። እፎይታው ጸሎት ቤቱን ሞላው። እሱ ግን በንዴት ጆሮው ጮኾ አልሰማውም።

ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ በሩን ዘጋና ጮኸባት።

«ምን ነካሽ እትዬ? ላንቺ ብዬ አይደለም እንዴ ያጠፋሁት!»

«ለእኔ? ጠይቀኸኛል?»

«ሰው ሁሉ ሲጠቁምሽ እያየሁ ምን ልጠይቅሽ?»

«እሱን ነዋ!» ካባዋን አውልቃ ወንበሩ ላይ ወረወረችው። «እነሱ ሳይጠይቁኝ ተሳሳተች አሉ። አንተ ሳትጠይቀኝ አልተሳሳተችም አልክ። ሳትጠይቀኝ ሕዝብ ፊት ገተርከኝ፣ ሳትጠይቀኝ በላጲስ ፋቅከኝ። ሥራ በዛብኝ ስልህስ? የማን ሥራ ነበር? ያንተን መዘምራን አሥራ አራት ካባ ነው ስሰፋ የነበርኩት፣ አንተ ደንቆሮ!»

የወረወረችውን ካባ አየ፤ ሰኞ ያየው ሰማያዊ ጨርቅ ነበር።

«እሱ ከሞተ ወዲህ» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ «ያየኝ ሁሉ ይበቃሻል ይለኛል። ተጽናኚ፣ እርሺው፣ ሕይወት ይቀጥላል። እኔም እሺ እላለሁ፤ ሰው እንዳይቸገርብኝ ቶሎ ብዬ እሺ እላለሁ። ገና አልወረድኩም ብዬ የምቆምበት አንድ ቦታ ነው ያለኝ። በሳምንት አራት ምት። እሱንም ልትወስድብኝ?»

መነፅር ሠሪው ተቀመጠ። የተቀመጠው ካባው ላይ ነበር፤ አልነሳም። አፈረ። ሰሚዎቹን ሁሉ ጆሮ የላቸውም ሲል የከረመ ሰው፣ ከስፌት መኪናዋ ሥር ተቀምጦ ያደገው ሰው፣ አንዴም አልሰማትም ነበር። እሱ ሲከላከል የከረመው የጻፈውን ዜማ ነው፤ እሷን አይደለም።

«ምን ላድርግ ታዲያ?» አለ በመጨረሻ።

በመሐረብ አፍንጫዋን ጠረገች። «ሁለቱን አልቶዎች አስተምራቸው። ሰው ቢጠቁመኝ ግድ የለኝም። ብቻዬን መቆሙ ነው የከበደኝ።»

ቅዳሜ ሌሎቹን ሁሉ ቡና ጠጡ ብሎ አስወጣና ሦስቱን አልቶዎች ከሁለት ሶፕራኖዎች ጋር አስቀረ። የቀድሞውን ድምፅ በእስክሪብቶ መልሶ ጽፎታል። ጀመሩ። «ሁሉ ቢሄድ» ሲባል መምህርቷ ሄደች። እንደገና። ገንዘብ ተቀባይዋ ሄደች። እንደገና። ሁለቱም ሄዱ።

«የት ነው የምትሄዱት?» ጮኸ። «ማን ጠራችሁ?»

«ይስበናል እኮ!» አለች መምህርቷ።

«ይሳባችሁ! አትሂዱ! እንደገና!»

አሥር ጊዜ ሄዱ። ላብ አጠመቀው፤ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ፤ አንዴማ ኪቦርዱን የሸፈነውን ጨርቅ ገፍፎ ድምፁን በጣቱ ደጋግሞ መታላቸው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ ልታለቅስ ደረሰች። እህቱ ግን በመሃላቸው ቆማ በግራዋም በቀኝዋም እጃቸውን ያዘች።

በአሥራ አንደኛው «ሁሉ ቢሄድ» ተባለ፤ ሶፕራኖዎቹ ወረዱ፤ ሦስቱም ባሉበት ቀሩ። መምህርቷ ዓይኗን ጨፍና፣ ገንዘብ ተቀባይዋ የእህቱን እጅ ጭምቅ አድርጋ፣ ግን ቀሩ። ፍትጊያው ክፍሉን ሞላው። እህቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ዝቅ ስታደርገውም ድምፁ አልጠፋም፣ ከግራና ከቀኝ ያዙላት። ያኔ ነው እንባዋ የወረደው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያላየባት እንባ።

መነፅር ሠሪው አራቱ ምት ማለቁን ያውቃል። ከዚያ ወዲያ አልቆጠረም። እጁን እንዳነሳ፣ በራሷ ጊዜ እስክትወርድ እህቱን እያየ ጠበቀ።