ስለ ፍልፈል የተጠየቀ ይቅርታ

ስልኩ የጮኸው መጋረጃ እየሰፋሁ ሳለ ነው። ጌጃ ሰፈር ውስጥ ከብረታ ብረት ሠራተኞች ጋር ግድግዳ የምጋራ ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ እነሱ ብረት ሲቆርጡ የራሴን ድምፅ እንኳ አልሰማም። የደወለችው ሴት ከተናገረችው ሁሉ የያዝኩት «የሙፊዳ ጀይላን ወላጅ» የሚለውንና «ነገ ጠዋት ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይቅረቡ» የሚለውን ብቻ ነበር። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት «ሲመጡ ይነገርዎታል» ብላ ዘጋችው።

ሲመጡ ይነገርዎታል! እናትን ለመግደል ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? መኪና ገጭቷት ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነበር የሚጠሩኝ። ታማ ቢሆን ዛሬውኑ ነይ ይሉኝ ነበር። ስለዚህ ወይ ሰርቃለች፣ ወይ ተደባድባለች፣ ወይም ደግሞ በአፌ የማልጠራው ነገር ሆኗል። መጋረጃውን ገልብጬ ሰፋሁት፤ መልሼ ፈታሁት። ባለቤቴ ጀይላን የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ያን ዕለት በረሃ ውስጥ ስለነበር ስልኩ አይሠራም።

ሙፊዳ ቤት ስትመለስ ገና በሩ ላይ ያዝኳት።

«ምን አደረግሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ያላደረገች ልጅ ወላጇ አይጠራም።»

«ኧረ እማ! ምናልባት ስለ ፍልፈሉ ይሆናል።»

«የምን ፍልፈል?»

ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ታስረዳኝ ጀመር። አሥረኛ ክፍል ናት፤ የተማሪዎች ፓርላማ አባልም ናት። ሐሙስ ዕለት ከክፍለ ከተማ እንግዶች በሚመጡበት ጉባኤ የተመረጡ ተማሪዎች የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባሉ። የእሷ ሐሳብ ምን መሰላችሁ? ግዙፉ የባሌ ፍልፈል ከአገሪቱ መለያ ምልክቶች አንዱ ይሁን!

«አይጥ?» አልኳት።

«አይጥ አይደለም። የአይጥ ዘመድ ነው።»

«ዘመዱስ ቢሆን! አንበሳ እያለ፣ ዋልያ እያለ!»

«አንበሳ ሌላ አገርም አለ እማ። ይሄ ከባሌ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። ዓይኖቹ አናቱ አካባቢ ናቸው፤ ለምን መሰለሽ? ከጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ ዙሪያውን እንዲያይ ነው። ብቅ ይልና ሣሩን በአፉ ጎትቶ ይመለሳል። ቀይ ቀበሮን ሰው ሁሉ ያውቀዋል አይደል? ቀይ ቀበሮውን በሕይወት የሚያቆየው ማን ይመስልሻል? እሱ ነው። እየተበላ።»

እሷ ይህን ሁሉ ስትናገር የእኔ ጆሮ «የአገር መለያ ምልክት» የሚለው ላይ ቀርቷል። በዚህ አገር በምልክት የተነሳ ስንት ሰው እንደተጣላ እኔ ነኝ የምነግራችሁ? ለምን የባሌውን መረጥሽ ይሏታል። አገራችንን በአይጥ መሰልሽ ይሏታል። ማን ላከሽ ይሏታል። ከዚያ አባቷን ከመንገድ ያስቆሙታል፤ ከዚያ ሱቄን ያሽጉታል። ሻይ ሳላፈላ ወደ ጋሽ ዘነበ ወረድኩ።

ጋሽ ዘነበ የዕድራችን ዳኛ ናቸው፤ ምድር ቤት ነው የሚኖሩት። በእኛ ብሎክ እሳቸው ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም።

«ምክንያቱን አልነገሩሽም?» አሉኝ።

«አልነገሩኝም።»

«እንግዲያው ከባድ ነው። ቀላሉን በስልክ ይነግሩሽ ነበር። ስሚኝ ልጄ፤ በደልክ ሳይባል በድያለሁ ያለ ሰው ግማሹን መንገድ ጨርሷል። እነሱ ክሱን ሳይከፍቱት እኛ ይቅርታ እንጠይቃለን። ሽማግሌ እግሩ ሥር ሲወድቅበት የሚጨክን መምህር አላየሁም።»

ተከትላኝ የወረደችው ሙፊዳ «ምን አጥፍቼ?» አለች።

«ዝም በይ!» አልናት፣ ሁለታችንም።

በማግስቱ ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ በዕውቀቱ ፈገግ ብለው ተቀበሉን። ወንበር እስኪያሳዩን እንኳ አልጠበቅንም። ጋሽ ዘነበ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ።

«ጌታዬ፣ ልጅ ናት። ልጅ ያጠፋል፣ አዋቂ ይምራል። እኛ አጥፍተናል፤ እርስዎ ይማሩን።»

እኔም ተከተልኩ። «በትልቅነትዎ ይለፉን። ሁለተኛ አይለምዳትም።»

ሙፊዳ ጣሪያውን ታያለች። የአቶ በዕውቀቱ ፈገግታ ፊታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ቆይ… ይቅርታው የምን ነው?»

«የፍልፈሉ ነዋ!» አሉ ጋሽ ዘነበ።

«እኔ የጠራኋችሁ እኮ ለፈቃድ ነው። ሐሙስ እንግዶቹ ካሜራ ይዘው ስለሚመጡ ልጆቹ እንዲቀረጹ ወላጅ መፍቀድ አለበት። የሁሉንም አቅራቢዎች ወላጆች ጠርቻለሁ።»

ያ አላህ! መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ። ይሁንና ነገሩ በሳቅ ያልቃል ብዬ ነበር። ደህና ቦታ ቢሆን በሳቅ ያልቅ ነበር። አቶ በዕውቀቱ ግን አልሳቁም። ተነሥተው በሩን ዘጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ወይዘሮ ዘኪያ፣ የሰማችሁት ነገር አለ እንዴ?»

«የምን ነገር?»

«ከላይ ነዋ። ሰው እንዲሁ ተነሥቶ ሽማግሌ ይዞ አይመጣም።»

«ኧረ ምንም አልሰማንም! ፈርተን ነው።»

«ምን ሰምታችሁ ፈራችሁ?»

«ሳይሰሙ መፍራት አይቻልም እንዴ?»

አላመኑኝም። ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ግንባራቸውን አሹ። «እኔ አንብቤው ጥሩ ሐሳብ ነው ብዬ አሳልፌው ነበር። አሁን ወላጇ ጥፋት ነው ስትል እኔ ማን ነኝና ጥፋት አይደለም የምለው? ነገ ብጠየቅ ‹ይቅርታ የተጠየቀበትን ነገር መድረክ ላይ አወጣህ› ይሉኛል። በቃ፣ ዋልያን ታቅርብ።»

«ዋልያ የኳስ ቡድን አለው!» አለች ሙፊዳ።

«ይኸው ተፈታ» አሉ ጋሽ ዘነበ ደስ ብሏቸው። «ዋልያ ጥሩ ነው። ቀንድም አለው።»

ሙፊዳ ወደ እኔ ዞረች። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። «እማ፣ ማንም አልከሰሰኝም ነበር እኮ» አለችና ወጣች።

ንዴቱ ከእግሬ ጀምሮ ነው የወጣው። ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ሣሩን የሚበላ፣ ማንንም ያልነካ አንድ እንስሳ ነው። ስሙ ከአንዲት ልጅ አፍ ሊወጣ ሲል ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተረባርበን መልሰን አስገባነው። ማንም ሳይከለክለን! ከልካይ ቢኖር እሺ፣ ደንብ ነው እል ነበር። እኔ ምክትል ርዕሰ መምህሩን ፈራሁ፣ እሳቸው የእኔን ፍርሃት ፈሩ፤ መሐል ላይ የልጄ አፍ ተዘጋ።

«ይቅርታዬን ይመልሱልኝ» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«የጠየቅኩትን ይቅርታ አንሥቻለሁ። ልጄ ምንም አላጠፋችም።»

«ዘኪያ!» አሉ ጋሽ ዘነበ። «ይቅርታ ከወጣ በኋላ ይመለሳል እንዴ? የዕድር ድንኳን መሰለሽ?»

«እርስዎም ያንሡት ጋሽ ዘነበ። ባርኔጣዎን ያድርጉ።»

«ስንት ዘመን ሳስታርቅ እንዲህ ያለ ጉድ…»

«ባርኔጣዎን ያድርጉ!»

አደረጉት። በዕድሜዬ በታላቅ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ግን አልተጸጸትኩም፣ ጊዜም አልነበረኝም። አቶ በዕውቀቱ ሁለታችንንም በየተራ አዩን።

«ነገር ቢመጣ ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?»

እዚህ አገር ስንት ጥሩ ነገር የሞተው በዚህች ጥያቄ ነው። «እኔ» አልኩ።

«በሰው ፊት ይሉታል?»

«እላለሁ።»

«እንግዲያው ሐሙስ ከእሷ በፊት ተነሥተው ሐሳቡን ቤተሰብ እንደሚያውቀው ይናገሩ። ትምህርት ቤቱ የለበትም።»

ሐሙስ ጠዋት ጀይላን ከመንገድ ደወለ። ካልተመለስኩ ሙፊዳን ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ውሰዳት አልኩት። «ከየት ነው የማትመለሺው?» ቢለኝ «ከትምህርት ቤት» አልኩት። ሳቀብኝ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሳጠና ያደርኩት ሁሉ ከመድረኩ በታች ስቆም ጠፋኝ። «ዘኪያ እባላለሁ፤ የሙፊዳ እናት ነኝ። ፍልፈሉ የእኛ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሙፊዳ ስትነሣ ከኋላ «ፍልፈል! ፍልፈል!» እያሉ ጠረጴዛ ደበደቡ። ጸጥ እስኪሉ ጠበቀቻቸው።

«አንበሳ ሳንቲም ላይ አለ» አለች። «ዋልያ የኳስ ቡድናችን ስም ነው። ቀይ ቀበሮን ፎቶ ለማንሣት ሰው ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ፍልፈሉ ቢጠፋ ግን ቀበሮው ምን ይበላል?»

«የሌላ ምሳ የሆነ እንስሳ ምልክት ይሆናል እንዴ?» ብሎ አንዱ ጮኸ።

«አንተስ ማንን ምሳ አብልተህ ታውቃለህ?» አለችው። ሳቁ ዞረበት።

እኔ ግን የማየው እንግዶቹን ነበር። አንዱ ስልኩን ይጎረጉራል። ሌላዋ ጎኗ ካለው ጋር ታወራለች። ካሜራ የያዘው ወጣት እነሱ ጠረጴዛ ላይ ያለውን የፕላስቲክ አበባ ይቀርጻል። አንዳቸውም አልሰሟትም! ይህን ሁሉ የፈራነው እነዚህን ነው? ቢቆጡ እንኳ ይሻለኝ ነበር።

ድምፅ ተሰጠ። የደገፉት እጆች እዚህም እዚያም ብቅ ያሉ ጥቂቶች ነበሩ። አቶ በዕውቀቱ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው መሐል ከተዋል። ሙፊዳ መድረኩ ላይ ቆማ ታያለች። ያኔ የእኔ እጅ ወጣ።

አንድ መምህር በጫፍ ጫፍ እየተራመደ መጣ። «እናቴ፣ ወላጅ ድምፅ አይሰጥም።»

«አውቃለሁ።»

«ያውርዱት እንጂ፤ ቆጠራው ይበላሻል።»

እጄን ይበልጥ ከፍ አደረግኩ። «ይበላሽ» አልኩት።