የአደራ ኪቦርድ

“እስቲ ያዢልኝ” አለ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኙ ጀላል፤ ሃያ ሦስተኛውን ብሎን ፈትቶ ከሌሎቹ ጋር የሻይ ሳህን ላይ ጣለው።

ሚልካ የሙዚቃ ኪቦርዱን ጀርባ በሁለት እጇ ደገፈች። ክዳኑ ሲላቀቅ የሚሰነጠቅ ነገር ድምፅ አሰማ።

“አትፍሪ እህቴ፣ አልሰበርኩትም። አሠራሩ ነው። ከውጭ ሲያዩት ብረት ይመስላል እንጂ ቀለም የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው።”

“አውቃለሁ” አለች በቀስታ።

ታውቃለች። የአዳፕተሩ መሰኪያ የላላ በመሆኑ ገመዱን በማቆሚያው እግር ላይ ሁለት ጊዜ ሳትጠመጥም ሰክታው አታውቅም፤ ሰው ቢደናቀፍበት እንኳ የሚጎተተው የማቆሚያው እግር እንዲሆን። የባትሪው ክዳን ጥርሱ ስለተሰበረ በናስትሮ ታሽጓል። ድምፁን ከግማሽ በላይ አትጨምረውም። ቀጨኔ ያለ አናጢ ዘንድ በልኩ የኮምፔርሳቶ ሣጥን አሠርታለት ውስጡን በአሮጌ ብርድ ልብስ ለብጣዋለች፤ ለክረምት ደግሞ ከዝናብ ልብስ ራሷ የሰፋችው ሽፋን አለው። ዛሬም ወደ ሸጎሌ ስትመጣ የሁለት ሰው ከፍላ ሣጥኑን ታክሲ ውስጥ አጠገቧ አስቀምጣው ነበር። ረዳቱ “ሬሳ ነው እንዴ?” ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እሷ ሣጥኑን በአንድ እጇ አቅፋ በመስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር።

ጀላል የእጅ ባትሪውን አብርቶ ወደ ውስጥ አጎነበሰ። ከሱቁ ውጭ የበግ ነጋዴዎች ይጯጯሃሉ።

“ወላሂ ይሄ ከኔ ትዳር በላይ ተጠብቋል” አለ። “አቧራ እንኳ የለውም። ስንት ዓመቱ ነው?”

“እኔ ጋ አራት ዓመት ሆነው።”

“ታዲያ ምን ነካው?”

“መሀል ያሉት ቁልፎች ሲጫኗቸው እዚያው ይቀራሉ። ሦስት ነበሩ፤ አሁን አምስት ሆኑ።”

ከመሀል ጥቂት ቁልፎችን አንሥቶ ከሥራቸው ረጅም ግራጫ ጎማ መዘዘ። ጎማው እንደ ረጠበ ዳቦ አብጧል። ጣቱን አሽቶ አሸተተ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዘረጋላት።

“ዘይት ነው። የወይራ።”

“ዘይት? ምግብ አጠገቡ አናቀርብም እኮ! ፈስሶበት ነው?”

“ፈስሶ ቢሆን ቦርዱ ላይ ተዘርግቶ አየው ነበር። ይሄ በጠብታ ነው። አንድ ቦታ ላይ፣ እየደጋገመ፣ ለብዙ ጊዜ።” ሳቅ አለ። “ቤት ውስጥ ጸጉሩን የሚቀባለት ሰው አለ?”

ሚልካ አልሳቀችም። በዓይነ ኅሊናዋ የመጣው የእናቷ አውራ ጣት ነው። ወይዘሮ መሰለች የተጸለየበት የወይራ ዘይት በትንሽ ብልቃጥ ያስቀምጣሉ። የበሩን መቃን ይቀባሉ፤ ሚልካ ለፈተና ስትሄድ ግንባሯን ይቀባሉ፤ አንድ ጊዜ ዲግሪዋ የተቀመጠበት ፖስታ ላይ ክብ የዘይት ምልክት አግኝታ ዝም ብላለች።

“ዛሬውኑ ይሠራልኛል?” አለች። “ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለጸሎት ቤታችን ማስረከብ አለብኝ። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። አዳማ።”

ሥራው የአንድ የጤና ፕሮጀክት መረጃ መመዝገብ ነው። በስታቲስቲክስ ከተመረቀች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የመጀመሪያው “አልፈሻል” ይኼ ነበር። ማስታወቂያው ላይ ከስሟ ሥር የተጠባባቂዋ ስም ተጽፏል፤ ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ካልተገኘች ቦታው የተጠባባቂዋ ነው።

ጀላል ጎማውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

“ጎማው እዚህ አገር የለም፤ ከውጭ ነው የሚመጣው። ግን አንድ ነገር ማድረግ እችላለሁ። የታችኛውን ደህና ጎማ ወደ መሀል፣ ያበጠውን ወደ ታች ላዛውረው። መሀሉ ይድናል። አንዱ ጎማ አሥራ ሁለት ቁልፍ ስለሚይዝ ከታች አሥራ ሁለቱ ይሞታሉ። ብዙ ትነኪያቸዋለሽ?”

“ቤዝ ናቸው፤ ወፍራሞቹ ድምፆች። አንዳንዴ።”

“እንግዲህ አንዳንዴውን እርሺው።”

*

ቤት ስትደርስ እናቷ ሻንጣዋን ለሦስተኛ ጊዜ ገልብጠው እንደገና እያጠፉ ነበር። ሚልካ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። በሁለቱ ክፍሎች ውስጥ ያለው ብቸኛ ጠረጴዛ የኪቦርዱ ነው። አልጋ ሥር እንዳይሆን ወለሉ እርጥብ ነው፤ ቁም ሣጥን ላይ እንዳይሆን ጣራው ያፈስሳል። አራት ዓመት ሙሉ ትሪያቸውን በርጩማ ላይ አድርገው በሉ። የጓደኛዋ የሉሊት ሠርግ ሐዋሳ ሲሆን ሚልካ አልሄደችም፤ ቀኑ እሁድ፣ በጸሎት ቤቱ የምትጫወትበት ነበር።

“ተሠራ?” አሉ እናቷ።

“በከፊል።”

“ተመስገን።”

“እማ፣ ኪቦርዱን ዘይት ትቀቢው ነበር?”

የወይዘሮ መሰለች እጅ ሹራቡ ላይ ቆመ።

“እሁድ እሁድ” አሉ። “አንቺ ፊትሽን ስትታጠቢ።”

“ለምን?”

“እንዳይበላሽ ነዋ!” ቀና አሉ። “ምን ላድርግ ታዲያ? ‘ስስ ዕቃ ነው፣ በትንሽ ነገር ይሰበራል’ ያልሽው አንቺ ነሽ። ድመት ጣራው ላይ ስትዘል እንኳ ብድግ ብለሽ ታዪዋለሽ። እኔን ደግሞ አታስነኪኝም። ቢሰበር በልጄ ስም ነው የሚጠየቀው አልኩ። አንቺ በጨርቅ ትሸፍኚዋለሽ፣ እኔ በማውቀው።”

ሚልካ ሣጥኑን ማየቷን ቀጠለች።

“አንድ ጠብታ ብቻ ነው ሚልኪዬ። በአውራ ጣቴ።”

ወደ ሁለት መቶ እሁድ፣ አለች ሚልካ በልቧ። መጮኽ ፈልጋ ነበር።

“እሺ” አለች።

“ለጋሽ ዋቅቶላ ትነግሪያቸዋለሽ?”

“አላውቅም።”

“ንገሪያቸው። ውሸት አትናገሪ።” ሹራቡን መልሰው ማጠፍ ጀመሩ። “ግን... ሰው ፊት አይሁን።”

*

ጋሽ ዋቅቶላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ አሁን የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ሚልካ ወደ አዳራሹ በገባች ጊዜ የርክክቡን ቅጽ ከላስቲክ ፎልደር አውጥተው አግዳሚው ላይ ዘርግተውት አገኘቻቸው። “አንድ ጤነኛ ኪቦርድ ከነአዳፕተሩ” ይላል፤ ከሥሩ የእሷ ፊርማ። ያኔ ከአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ተሰርቆ ስለነበር፣ ኪቦርዱ የሚጫወተው ሰው ቤት ይደር ተብሎ ተወሰነ። የሚጫወተው ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

መዘምራኑ ገና እየተሰበሰቡ ነው። ጋሽ ዋቅቶላ መነጽራቸውን አድርገው በአንድ ጣታቸው ከታች ጀምረው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነኩ። ዝም። ዝም። ዝም። አሥራ ሦስተኛው ላይ ድምፅ ወጣ።

“አሥራ ሁለቱ አይሠሩም” አሉ።

“አዎ።”

“ስትረከቢው ይሠሩ ነበር?”

“ይሠሩ ነበር።”

“ምን አገኛቸው?”

ከኋላ ማቲ፣ ድምፅ ማጉያ የሚያስተካክለው ልጅ፣ ገመድ መጠቅለሉን አቆመ። የመዘምራኑም ወሬ ቀነሰ።

“እኔ ቤት ነው የተበላሸው” አለች ሚልካ። “ጎማው ነው። እ... ማለቴ፣ ምክንያቱን ብቻዎን ሲሆኑ እነግርዎታለሁ።”

ጋሽ ዋቅቶላ መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ቅጽ ላይ ባዶ ቦታ ሲያዩ ግን እንቅልፍ የሚያጡ ሰው ናቸው።

“ልጄ፣ ጎድሎ እንዴት ልረከብ? ጎማው ከውጭ እስኪመጣ አንቺው ጋ ይቆይ።”

“ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ ጋሼ። አዳማ ነው።”

“ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይባርክልሽ። ግን ጠይቀሽ አንድ ወር ቢያዘገዩልሽስ? እሺ፣ ዕቃውን ተረከብኩ እንበል። ነገ ማን ይጫወተዋል? አንድ ሰው አላስተማርሽም። ልጆቹ ጠጋ ሲሉ ክዳኑን ትዘጊባቸዋለሽ።”

እውነት ነው፤ ሚልካ ሁልጊዜ “ስስ ነው” ብላ ዘግታዋለች። አዳራሹ በድንገት ጠበባት፤ በአራት ዓመት ውስጥ ከዚያ የኮምፔርሳቶ ሣጥን ጋር አብራ የሠራችው ሌላ ሣጥን መኖሩ ታያት፤ በእሷ ልክ።

“እኔ ሁለት መዝሙር እችላለሁ” አለ ድምፅ ከመዘምራኑ መካከል።

ኤልሮኢ ናት፤ ገና ዩኒቨርሲቲ የገባች፣ ድምፅዋ ከማይክ በላይ የሚሰማ ልጅ።

“በምን ተለማምደሽ?” አሉ ጋሽ ዋቅቶላ።

“በስልኬ። አፕ አለ።” መስታወቱ የተሰነጣጠቀ ስልኳን አነሳች። “ሁለት ጣት ብቻ ነው የሚያስገባው። ዋናውንማ በዓይኔ ነው የማውቀው፤ ሚልኪ ከታቦት ለይታ አታየውም!”

ማቲ ፍርስ ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም። ሚልካ ጆሮዋ ድረስ ጋላት፤ ግን የኪቦርዱን ወንበር ሳበችላት።

“ነይ ተቀመጪ።”

“እውነትሽን ነው?” ኤልሮኢ ወደ ጋሽ ዋቅቶላ አየች። እሳቸው ቅጹን ይዘው ቆመዋል።

ልጅቷ ተቀምጣ እጆቿን ከቁልፎቹ በላይ አንሳፈፈች። ስልክ እንደሚነካ ሰው በጣቷ ጫፍ ዳሰስ አደረገች። የወጣው ድምፅ ከአግዳሚው አያልፍም። ግራ እጇ ወደ ታች ወርዶ የሞተ ቁልፍ ነካ፤ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች።

“ሰበርኩት እንዴ?”

“አልሰበርሽውም። ያ ድሮም የሞተ ነው፤ ከዚህ ጀምሪ።” ሚልካ አሥራ ሦስተኛውን ቁልፍ አሳየቻት። ከዚያ ወደ ጋሽ ዋቅቶላ ዞረች። “ጋሼ፣ ጉድለቱን ይጻፉት፤ እፈርምበታለሁ። ሰኞ ግን እሄዳለሁ።”

ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡ።

ኤልሮኢ እንደገና ጀመረች፤ አሁንም እየፈራች፣ አሁንም በጣት ጫፍ። ሚልካ ዕቃው ምን ያህል ስስ እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። ጎንበስ ብላ የድምፁን መጨመሪያ ከግማሽ አሳለፈችው።

“ጠንከር አድርገሽ ንኪው” አለቻት።