አልወርድ ያለው ፎርም

በኮምፒውተሩ ስክሪን ግርጌ ላይ ያለው ቀን 12/2/2018 ይላል። ጠዋት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጥቅምት አሥራ ሁለት፣ ሁለተኛው ወር፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት። ደረሰኝ ላይ የምጽፈውም ይህንኑ ስለሆነ ስህተት መሆኑ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አልታየኝም።

ቡታጅራ ውስጥ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። ኮምፒውተሩ አርጅቷል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ይጠፋበታል። ሁልጊዜ የምታስተካክለው ልጄ ባሂራ ናት። ያን ቀን ግን ትራንስክሪፕት ልታወጣ በጠዋት ወደ ትምህርት ቤቷ ስለሄደች ራሴ አስተካከልኩት። ሰዓቱንም ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስማማሁት።

በስምንት ሰዓት ባሂራ እየሮጠች መጣች። ወልቂጤ ያለ አንድ የጤና ኮሌጅ ለነርስነት ተቀብሏታል። ቦታው የሚጸናላት ግን ከኮሌጁ ድረ ገጽ ፎርም አውርዳ፣ ሞልታና ፈርማ በዚያው ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከላከች ነው። ካለፈ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል።

ገጹን ስትከፍተው ፎርሙ አልመጣም። ቀይ ምልክት ያለበት የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ።

«እማ፣ ዘግተሽዋል አይደል?» አለችኝ።

ዘግቼዋለሁ። አምና አንድ ደንበኛ ከኢንተርኔት ያወረደው ፋይል የሱቁን ሰነድ ሁሉ አበላሽቶብኝ ነበር። የሰው የሥራ ማመልከቻ፣ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም ስሙ ተለውጦ አልከፈት አለ። ከዚያ ወዲህ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ፋይል ማውረድን ከልክያለሁ። ደንበኛ ሲፈልግ እከፍታለሁ፣ ሲጨርስ እዘጋለሁ። ባሂራ ኮምፒውተሩን «ግምጃ ቤቱ» እያለች ትቀልድበታለች።

ማውረድ የሚለውን ከፈትኩላት። ያው ቀይ ጽሑፍ ተመልሶ መጣ።

«ምንድን ነው የሚለው?»

«ሰዓታችሁ ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል።»

ሁለታችንም ግድግዳውን አየን። ስምንት ሰዓት ከሃያ ሁለት። የኮምፒውተሩም 8፡22 ነው።

«ምኑ ነው የቀረው? ይሄ ነገር ጨርቁን ጥሏል» አለች።

የጥበቃውን ደረጃ ከከፍተኛው ወደ መካከለኛው አወረድነው። አልሆነም። ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ አወረድነው። አልሆነም። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቫይረስ መከላከያውን አጠፋሁት። ወዲያው «ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። ይህንን እንኳ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር። ገጹ አሁንም አልተከፈተም።

«ሌላ ሱቅ ልሂድ በቃ።»

«ፓስወርድሽን በሰው ኮምፒውተር ላይ ልትጽፊ? ነገ በስምሽ ሌላ ሰው ቢመዘገብስ?»

«እማ፣ ነርስነት ነው እኮ! ማን ይሰርቀዋል?»

«ሰው የማይሰርቀው ነገር የለም።»

የእሷ ስልክ ወድቆ ስክሪኑ ከጠፋ ሳምንት ሆኖታል። የእኔ ከመደወል በቀር ሌላ ነገር አይችልም። ኮሌጁ ጋ አራት ጊዜ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ደጋግመን ሞከርን፣ ኮምፒውተሩን አጥፍተን አስነሳነው፣ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። እኔ በልቤ ነገሩን ጨርሼዋለሁ። ቦታው ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ እዚህ ቆማ የሌሎችን ልጆች ፎርም ኮፒ ታደርጋለች፤ ሌላ ሱቅ እንዳትሄድ የከለከልኳት እኔ መሆኔንም አትረሳም።

አሥር ሰዓት ላይ መምህር ዑራኤል መጣ። ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ የፊዚክስ አስተማሪ ነው።

«እትዬ ከድጄ፣ ፈተናዬ ደረሰ?»

«ደርሷል መምህር፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።»

ወረቀቱን አንስቶ የእኔንና የባሂራን ፊት አየ፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ተመለከተ። ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም።

«ኮምፒውተሩን ሐበሻ አደረጋችሁት እንዴ?»

«እንዴት?»

«ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ይላላ! እሱ የሚያውቀው የፈረንጁን ነው፤ ሁለት ሺህ ሃያ አምስት። ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ወስዳችሁት ነው እኮ።» ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እያንዳንዱ ድረ ገጽ ሲከፈት እንደ መታወቂያ የሚያሳየው ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ቀኑን ያይና፣ ይሄ መታወቂያ ገና አልተሰጠም፣ ሐሰተኛ ነው ብሎ ይዘጋዋል። ጥበቃውን ብታወርዱት ባታወርዱት ለውጥ የለውም።»

ባሂራ ወደ እኔ ዞረች።

«ማን ነው ያስተካከለው?»

«እኔ።»

«እኔ ደግሞ ኮሌጁን ስሰድብ ዋልኩ» አለችና ቀኑንም ሰዓቱንም በፈረንጁ አስተካከለች። ገጹ ተከፈተ። ፎርሙን ልታወርድ ስትል እጇን ያዝኳት።

«ቆይ። መጀመሪያ ያጠፋሁትን ልመልስ።»

«እማ! አምሳ ደቂቃ ነው የቀረን!»

«ይበቃል።»

«መብራት ቢሄድስ?»

እንደ እኔ ክፉ ክፉውን ስታስብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ቢሆንም የቫይረስ መከላከያውን መለስኩ፣ የጥበቃውን ደረጃም ወደ ነበረበት አወጣሁት። ለማውረድ የሚፈቅደውን አንድ መስመር ብቻ ክፍት ተውኩ። ኮምፒውተሩ ዘገምተኛ ስለሆነ አሥራ ሁለት ደቂቃ ወሰደ። ባሂራ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጥፍሯን ስትበላ ነበር። መምህር ዑራኤልም አልሄደም፤ ፈተናውን አቅፎ በሩ ላይ ቆሟል።

ፎርሙ ወረደ። ተመረመረ፣ ምንም አልተገኘበትም። አተምኩላት፣ ሞላች፣ ፈረመች፣ ስካን አድርጋ ላከች። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

«በሉ እንግዲህ፣ ስትመረቅ መርፌ በነጻ ነው የምትወጋኝ» ብሎ መምህሩ ሄደ።

መልስ እስኪመጣ ግን ቦታው የእሷ መሆኑን ማን ያውቃል። ሱቁ ውስጥ ቀረን። መግሪብ ሲደርስ ተራ በተራ ሰገድን፤ አንዳችን ስንሰግድ ሌላችን ስክሪኑን እንጠብቃለን። ደርሶ ይሆን? ዘግይቶ ደርሶ ይሆን? ፊርማው አልታይ ብሏቸው ይሆን?

ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ መልሱ መጣ። ባሂራ ጮክ ብላ አነበበችው። ፎርሙ በሰዓቱ ደርሷል፤ ሰኞ ዋናውን ትራንስክሪፕትና ሁለት ፎቶግራፍ ይዛ ወልቂጤ ትቅረብ።

ሁለተኛ አነበበችው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም፤ መልሱን ሁለት ቅጂ አተምኩ፣ አንዱን ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁ።

«ሰኞ ብቻዬን ነኝ የምሄደው?» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

«ከእኔ ጋር።»

«ሱቁስ?»

«ይዘጋል።»

ስለ መንገዱ፣ ስለምታድርበት ቤት፣ አብራት ስለምትኖረው ልጅ ማንነት ማሰብ ጀምሬ ነበር። አልነገርኳትም። መብራቱን አጠፋሁና ወጣን። የብረቱ በር እንደ ልማዱ አልገጥም አለ፤ ባሂራ በትከሻዋ ገፋችው፣ እኔ ቆለፍኩት።