ጉበት የሚያስቀድመው

ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ ቀትር ገደማ፣ ባይሳ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ «ጉሙ ቤት ገባ እኮ፤ በሩን ዝጊው» አለ።

ሚስቱ ቀለሟ በሩን አየችው። «የምን ጉም? ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው።»

«ታዲያ ይሄ ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

ለነቀምት ሰው የክረምት ጉም እንግዳው አይደለም። በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ነሐሴ ላይ ጎረቤት ከጎረቤት የሚለየው በሳሉ ነው። ስለዚህ ባይሳ መጀመሪያ አልደነገጠም፤ እንዲያውም ደስ ሳይለው አልቀረም። ነጩ ነገር ለስላሳ ነበር፣ እንደ ተነደፈ ጥጥ። የግድግዳውን ጥግ ቀስ ብሎ ወሰደው፣ ቀጥሎ መስኮቱን፣ ከዚያ ጭኑ ላይ ያስቀመጠውን የተማሪ ቁምጣ። ክሩን ቢፈልግ አጣው። ጣቶቹ ብቻ ቀሩ፤ እነሱም ከሩቅ የሚታዩ የሌላ ሰው ጣቶች መሰሉት። ያኔ ነው የደነገጠው። ልብስ ሰፊ ነዋ! ዓይን ካላዩበት ግንባር ነው ይባል የለ? በግንባር ደግሞ መርፌ አይሰካም።

«ሐዳ ደረሳ» አላት። የደረሳ እናት ማለቱ ነው፤ ክረምቱን አያቶቹ ዘንድ ያለው ልጃቸው ከተወለደ ወዲህ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። «አላይም መሰለኝ።»

እሱ ምን እንደሠራ ለመናገር ግማሽ ሰዓት ፈጅቶበታል። እኔ ግን ምን አሳፍሮኝ! ባይሳ ዓርብ አመሻሽ ላይ ስፒሪቶ ጠጥቷል። አዎ ስፒሪቶ፤ የጸሎት ቤቱ የማሾ ፋኖስ የሚለኮስበትን! ማሾዋን የሚያበራውም የሚያጠፋውም እሱ ስለሆነ ጠርሙሱ እሱ ዘንድ ነበር። ያን ሰሞን ደረቱን ጉንፋን ይዞት ነበር። የጉንፋን መድኃኒቱ አረቄ በነጭ ሽንኩርት መሆኑን የማያውቅ የለም። ባይሳ ግን አረቄ በአፌ አይዞርም ብሎ በጉባኤው ፊት እጁን አንስቶ ከማለ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ታዲያ ተቀምጦ አሰበ፣ አሰበና እንዲህ አለ፤ «ስፒሪቶ አረቄ አይደለም። በስፒሪቶ የሰከረ ሰው ሰምቼ አላውቅም። ደግሞስ የጸሎት ቤት ዕቃ አይደለም እንዴ?» በማር በጠበጠውና ሁለት ሲኒ ግጥም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! መሐላውን ላለማፍረስ ብሎ መርዝ የጠጣ ሰው ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም አልሰማሁም። ሳሉ ግን ለቀቀው፤ ይሄን አልክድም።

ቀለሟ አልጋው ላይ አስተኝታው፣ ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ በዝናቡ ሮጠች። ነመራን ይዛ መጣች። ነመራ ክሊኒክ ውስጥ ሃያ ዓመት ያገለገለ ድሬሰር ነው። የክሊኒኩ ሐኪም ግን ዲጋ ማዶ መኪናውን ጭቃ ይዞት ሁለት ቀኑ፤ ስለዚህ ያለው ነመራ ብቻ ነበር። ጠርሙሱን አሸተተ፣ የተለጠፈበትን ወረቀት ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አነበበ፣ ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«ኦቦ ባይሳ፣ ስንት ጠጡ?»

«ሁለት ሲኒ።»

«ይሄ ከእንጨት የሚወጣው ስፒሪቶ ነው። መጀመሪያ ዓይን ያጠፋል፤ ከዚያ ሰውየውን።» ቀለሟ «ዋቃዮ!» ብላ አፏን ያዘች። ነመራ ቀጠለ። «ስፒሪቶው እንደገባ ቢወጣ ይሄን ያህል ባልጎዳ። ጉዱ ያለው ጉበት ዘንድ ነው። ጉበት ውስጥ ሠራተኛ አለ፤ ሐኪሙ ኢንዛይም ይለዋል። መድኃኒትም ይምጣ መርዝ፣ እየሰባበረ ማስወጣት ነው ሥራው። ደግ ሠራተኛ ነው፤ ስንት ጊዜ ያዳነን እሱ ነው። ይሄን ስፒሪቶ ሲሰብረው ግን ስብርባሪው ካልተሰበረው ይብሳል። ጉንዳን ሲነክስ የሚተፋው ዓይነት አሲድ ይወጣዋል። አሁን ዓይንዎን የሚበላው እሱ ነው።»

«እና ሠራተኛውን ምን እናድርገው?» አለች ቀለሟ።

«ሌላ ሥራ እናስይዘዋለን። ከስፒሪቶ አብልጦ የሚወደው ነገር አለ። እሱ ከመጣለት ስፒሪቶውን ዞር ብሎም አያየው። ስፒሪቶውም ሳይሰበር፣ በሽንትና በትንፋሽ፣ ቀስ እያለ ይወጣል።»

«ምንድን ነው የሚወደው? ንገረን እንጂ፣ አገር አቋርጬም ቢሆን አመጣዋለሁ!»

ነመራ ጉሮሮውን ጠረገ። እሱም የዚያው ጉባኤ አባል ነው፤ ባይሳ ደግሞ ሽማግሌው። «አረቄ» አለ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ባይሳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። «ብታወር ይሻለኛል።»

ግብዝነት እንዳይመስላችሁ። ባይሳ አረቄን አልነበረም የሚፈራው፤ አረቄ ይዞት የሚመጣውን ሰውዬ ነው። ያን ሰውዬ ያውቀዋል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ እንዲሁ በክረምት፣ ያ ሰውዬ ቀለሟን ከነሕፃኑ ከቤት አስወጥቶ በሩን ቀርቅሮ ተኛ። ሲነጋ በሩን ሲከፍት እሷ ልጁን ታቅፋ ዝናብ ላይ ቆማለች። «ውጭ ምን ታደርጊያለሽ?» አላት። አላስታወሰማ! ልጁ በሳንባ ምች ታሞ ለጥቂት ተረፈ። ባይሳም በሳምንቱ ማለ። ቀለሟ ስለዚያ ነገር እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ እሱን የሚያቃጥለውም ይኸው ዝምታዋ ነው።

ተነሥታ ወጣች። ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ እትዬ ሸዋጌጥ አሉ፤ ከሸዋ የመጡ አረቄ ሻጭ። ባይሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በደጃቸው ሲያልፍ መንገድ ይሻገራል። ቀለሟን በራፋቸው ላይ ሲያዩ «አንቺ ነሽ? ሰማይ ተደፋ እንዴ!» አሉ። ነገሩን ስትነግራቸው ግን ቀልዳቸውን ትተው ከጓዳ አንድ ጠርሙስ አወጡ። «ዳግም አረቄ ነው፣ ሁለት ጊዜ የወጣ። ለመድኃኒትማ ተራውን አልሰጥሽም።» ልክፈል ስትላቸው ተቆጡ። «ሂጂ እቴ! የሰው ዓይን እየጠፋ ቆመሽ ታወሪኛለሽ?»

ባይሳ አሁንም ወደ ግድግዳው ዞሮ ነበር። ቀለሟ መለኪያውን ሞላች።

«እኔ ነኝ የምቀዳልህ» አለችው። «ሌላ ሰው አይቀዳልህም፣ አንተም አትቀዳም። ያ ሰውዬ ከመጣም ይምጣ። እኔ እዚሁ ነኝ፤ አሁን ያኔ የነበርኩት ልጅ አይደለሁም።»

ነመራ ቶሎ እንዲጠጣው አደረገ፤ መጀመሪያ ሦስት መለኪያ፣ ከዚያ በየሰዓቱ አንድ፣ ለአሲዱ ደግሞ የዳቦ ሶዳ በውሃ። የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ለቀለሟ ሰጣት። «አንድም አታጉድይ፣ አንድም አትጨምሪ። ካጎደልሽ ሠራተኛው ወደ ስፒሪቶው ይመለሳል።» እሾህን በእሾህ ነው እንግዲህ።

ከዚያ በኋላ ቀኑና ሌሊቱ ተደባለቀ። ባይሳ ነጩ ውስጥ ተንሳፈፈ። አንዳንዴ የሚወርድ ይመስለዋል፤ ደረቱን አልፎ፣ ከጎድን አጥንቱ በታች፣ ሞቃትና ቀላ ያለ ቤት ውስጥ ይገባል። እዚያ አንድ ሽማግሌ መጥረቢያ ይዞ ፍልጥ ይፈልጣል። ደጁ ላይ ሰልፍ አለ። አረቄው ብቅ ሲል ሽማግሌው ፊቱ ይበራና «ኮቱ፣ ኮቱ!» ይለዋል፤ ና፣ ና ማለቱ ነው። ስፒሪቶው ከሰልፉ ኋላ ፈዝዞ ተቀምጧል። ተራው አልደርስ ሲለው ይሰለችና ተነሥቶ በአፍንጫ ቀዳዳ በኩል ይወጣል፤ እንደ ጭስ ሳይሆን እንደ እንቅልፋም ሰው፣ እያዛጋ። ባይሳ በዚህ ሳቀ። ሲስቅ አንድ እጅ ማጅራቱን ደግፎ ቀና ያደርገዋል፣ መለኪያው ከንፈሩ ላይ ይደርሳል፣ የቀለሟ ድምፅ ሰዓቱን ይነግረዋል፣ ተመልሶ ይወርዳል።

ወይ ጣዕሙ! ይሄን ለነመራም አልነገረም፣ ለማንም። ከአራተኛው መለኪያ በኋላ ምላሱ ከጉሮሮው ቀድሞ ይጠብቀው ጀመር። ለመዳን ነው የምጠጣው ይላል። ምላሱ ግን ስለ መዳን የሚያውቀው ነገር የለም።

አንድ ጊዜ እዚያ ቀላ ያለ ቤት ውስጥ እያለ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌው መጥረቢያውን ሳያቆም «አትክፈት፣ ሥራ ላይ ነን» አለው። ባይሳ ማን እንደሚያንኳኳ አወቀ። ሊነሣ ቢሞክር እግሮቹ የእሱ አልሆኑም። የዝናቡ ድምፅ ይመጣል፤ ከዝናቡ ጋር የሕፃን ልቅሶ። እያለቀሰ ነቃ።

«ሐዳ ደረሳ! የት ነሽ?»

«እዚሁ ነኝ። ቤት ውስጥ።»

«ዝናብ ላይ አይደለሽም?»

ስለዚያ ነገር በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በመካከላቸው ቃል ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። ቀለሟ እጇን ማጅራቱ ላይ አሳረፈች።

«አሁን አይደለሁም» አለችው።

ሰኞ ጠዋት ነጩ ሳሳ። መስኮቱ በመጀመሪያ ብርሃን ብቻ ሆኖ መጣ፤ ቀጥሎ አራት ማዕዘን ሆነ፣ ቀጥሎ ከመስኮቱ ውጭ አጥርና አጥሩ ላይ የተሰጣ ጨርቅ ታየው። ነመራ መጥቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ አሳየው። ሦስት አለ፤ ሦስት ነበሩ። አምስት አለ፤ አምስት። ነመራ ባይሳን አቅፎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ «ገለቶማ ዋቃዮ!» እያለ እግዚአብሔርን አመሰገነ። ከዚያ ሰዓቱን መልሶ እጁ ላይ አሰረ። «አበቃ። ስፒሪቶው ወጥቷል። ከእንግዲህ አረቄ የለም፤ ሾርባ ይጠጡ፣ ይተኙ።» ቀለሟ ጠርሙሱን ከነተረፈው ለእትዬ ሸዋጌጥ መለሰችና ደጅ ያለውን ዕቃ ልታጥብ ወጣች።

ባይሳ ጋደም ብሎ ዓለሙን ያይ ጀመር። ጣራውን የተሸከሙትን ወራጆች ቆጠረ። የሸረሪት ድር አየ፤ ቆንጆ ነበረ። እንዲህ እያለ አንድ ሰዓት ያህል አለፈ።

ያኔ ቀኝ እጁን አየው። አልጋው አጠገብ ወዳለው በርጩማ፣ መለኪያው ይቀመጥበት ወደነበረው ቦታ፣ እጁ ተዘርግቷል። እሱ አልላከውም። ጣቶቹ ገርበብ ብለው ባዶውን በርጩማ ይደባብሳሉ። አሁን ጥርት አድርጎ ያያል፤ የእያንዳንዱን ጣት ጥፍር ያያል።

ቀና ሲል ቀለሟ በሩ ላይ ቆማለች። እጇ ከነውሃው ነው። እሷም የምታየው እጁን ነው። ፊቷን በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየው፣ ምነው ባላየሁት አለ። ያኔ በዝናቡ በሩን የከፈተ ጊዜ ያየው ፊቷ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሄዷል ብሎ ያመነው።

«ውሃ ፈልጌ ነው» ሊላት አፉን ከፈተ። ውሸቱ እዚያው ምላሱ ላይ ዝግጁ ነበር። ዋጠው።

«አምሮኛል» አላት። «ሐዳ ደረሳ፣ በጣም አምሮኛል።»

እሷ ቀስ ብላ ገባች። የተዘረጋውን እጁን በሁለት እርጥብ እጆቿ ያዘችው።

«አምሮቱ ስንት ሰዓት ይቆያል?» ስትል ጠየቀችው።

«እኔ እንጃ። ያኔ ብዙ ቀን ነበር።»

«እንግዲያው» አለችና እጁን ሳትለቅ በርጩማውን በእግሯ ወደ ራሷ ስባ ተቀመጠችበት።