ሁሉም የጨረሰው ያላለቀ ሥራ

"ዛሬ ስብሰባ ላይ ልናገር ነው፣ እማዬ" አለች ሶፍትዌር ሠሪዋ ልጅ ቁርስ ላይ።

እናትየው ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። "አለቃሽ ባለበት?"

"እሱ ባለበት።"

ልጅቷ እቤት ሆና የምትሠራው ለአንድ ትልቅ የአውቶቡስ ድርጅት የቲኬት መሸጫ ፕሮግራም ነው። ሥራው ለዘጠኝ ቡድን ተከፋፍሏል። እያንዳንዱ ቡድን ከሥራው ትንሽ ይቆርሳል፣ በሁለት ሳምንት ሠርቶ ያሳያል፣ "አልቋል" ብሎ ሌላ ይቆርሳል። የጠዋቱ የኢንተርኔት ስብሰባ እንዳይረዝም ተብሎ የሚካሄደው ሁሉም በየቤቱ ቆሞ ነው። ዘጠኙ ቡድን ሲሰበሰብ ግን ቆመው ይጀምሩትና ግድግዳ ተደግፈው ይጨርሱታል።

"የኛ ቡድን ወንበር የሚቆጥረው ከፊት ነው" አለች ልጅቷ። "የቲኬት ቡድን ደግሞ ከኋላ ይቆጥራል። ለፊት ወንበር የከፈለ ሰው የኋላ ጎማ ላይ ሊቀመጥ ነው። አዲስ መሥራት አቁመን ያለውን እናገጣጥም እላለሁ።"

"ተይ የኔ እናት። ሌላው ሁሉ አፍ የለውም? ያባርሩሻል።"

ልጅቷ ግን ክፍሏ ገብታ ኮምፒውተሯን ከፈተች። እናትየው በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ፣ በሐሳቧ ልጇን ከሥራ አስወጥታ፣ ማቀዝቀዣውን ሸጣ፣ እህቷ ቤት ጥገኛ ገብታ ነበር።

"ሁላችንም ጨርሰናል እንላለን" አለች ልጅቷ ከውስጥ። "በሙከራው ግን እስካሁን አንድም ሰው የከፈለበት ወንበር ላይ አልተቀመጠም።"

እናትየው ጆሮዋን ይበልጥ በሩ ላይ አጣበቀች።

"የአውቶቡስ ድርጅቱ ሥራውን በቅርቡ ሊያይ ነው" አለ አለቃው። "ምንም አዲስ ነገር የለም ልበለው?"

"የተደበላለቀ አውቶቡስ ከሚያይ ይሻላል።"

"እውነቷን ነው" አለ ከቲኬት ቡድን አንዱ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። "እኛማ የሾፌሩንም ወንበር ሸጠነዋል።"

ሳቁ በሩን አልፎ እናትየው ዘንድ ደረሰ። አለቃው ሳቁን ለመዋጥ ሞክሮ አቃተው። "በቃ፣ አዲስ ሥራ ይቁም። ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው ይውጣና አገጣጥሙት። አንቺ አስተባብሪ።"

ልጅቷ በሩን ስትከፍት እናትየው ጆሮዋ ቀልቶ ቆማለች።

"ሰማሽ?"

"ምኑን?"

"ዘጠኙን ቡድን የማስማማቱ ሥራ ለኔ ተሰጠ።"

"አላልኩሽም?" አለች እናትየው ደስታዋ እንዳይታይባት ፊቷን አዙራ። "አሁን ደግሞ አልገጥም ያለው ሁሉ ባንቺ ሊሳበብ ነው።"

"ይሳበብ" አለችና ልጅቷ ስልኳን አነሳች፤ መጀመሪያ የሾፌሩን ወንበር ልታስመልስ።